ታሞክሲፌን የምትወስዱ እህቶች፣ የሌሊቱን ላብ እንዴት ቻላችሁት? ላቁመው እያሰብኩ ነው

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። 44 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። በጡት ካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከዚያ አዲስ አበባ ኬሞ ወሰድኩ። ኬሞው ሲያልቅ ሐኪሙ ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለ5 ዓመት። ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል።

ችግሬ ሌሊቱ ነው። የከተማችንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። እኔን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ከደረቴ የሚነሳ ሙቀት አንገቴንና ፊቴን ያቃጥለኛል። ብርድ ልብሱንም ጋቢውንም ወርውሬ እነሳለሁ። የለበስኩት ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ሙቀቱ ሲያልፍ ደግሞ ያ እርጥብ ልብስ ሰውነቴ ላይ ይቀዘቅዝና ጥርሴ ይንገጫገጫል። ልብስ ቀይሬ ተኝቼ፣ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ እንደገና ይመጣል። ጠዋት ክፍል ስገባ ዓይኔ እየተከደነ ነው። በትንሽ በትልቁ ተማሪ ላይ መጮህ ጀምሬያለሁ፤ ጠባዬ እንዲህ አልነበረም። ለእሱም ሌላ ክኒን ተሰጥቶኛል።

የወር አበባዬም አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይቀራል። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ጡቱ ከወጣ፣ ኬሞውንም ከጨረስሽ፣ ይሄ ክኒን ምን ያደርግልሻል? ድነሻል እኮ» ይሉኛል። አንዷ የማህፀን ካንሰር ያመጣል የሚል ነገር ከስልኳ አነበበችልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዋጥኩት ቁጥር እፈራለሁ። ቀጠሮዬ ገና ሩቅ ነው። ከማቆሜ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሌላም አለ። ታናሽ እህቴ 38 ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት። «እኔም እንዳይዘኝ ልውሰደው?» ትለኛለች። ለጤነኛ ሰው ይሰጣል እንዴ?

የሮቢት እናት፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልሽ። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ 5 ዓመቱን ጨርሻለሁ። የምትይውን ሌሊት አውቀዋለሁ። የእኔው ደግሞ ቆላ ላይ፣ በግንቦት ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ሲጨመር ነበር።

በመጀመሪያ የምነግርሽ፣ የከፋው የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ እየቀለለኝ ሄደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ተኝቼ የማድርባቸው ሌሊቶች በዙ።

ምን አደረግሽ ካልሽኝ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ትቼ ስስ ስስ የጥጥ ነገር እደራርብ ነበር። ሲሞቀኝ አንዱን ብቻ እገፋለሁ፣ ሲበርደኝ እስበዋለሁ። ከሥሬ ፎጣ አነጥፋለሁ። መቀየሪያ ቀሚሴ ራስጌዬ ላይ ነው፤ መብራት አብርቼ ቁም ሳጥን ስከፍት እንቅልፌ ይጠፋ ነበርና። የማታውን ቡና ተውኩ። የጠዋቱን አልተውኩም፤ እሱን ተዪ ቢሉኝም አልሰማም ነበር። በርበሬ የበዛበት ወጥ ማታ ስበላ እንደሚብስብኝ ቆይቶ ገባኝ።

ክኒኑን ማታ ነበር የምወስደው። ሐኪሜን ጠይቄ ወደ ጠዋት አዞርኩትና ቀለለኝ። አንዲት አብራኝ የምትታከም ሴት ግን ከጠዋት ወደ ማታ ስታዞረው ነው የተሻላት። እንደ ሰውነቱ ነው። እንዳልረሳው ከስኒዎቹ ጋር አኖረው ነበር። የጠዋት ቡና ሲቀርብ አብሮ ይወጣል። ልጆች ላሉበት ቤት ግን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አታቁሚው፣ እታለም። ሐኪምሽን ሳታናግሪ አታቁሚው።

ፋርማሲስቱ፦
ሰላም ለእርስዎ፣ እህቴ። ፋርማሲስት ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የጎረቤቶችዎን ጥያቄ ብዙ ሰው ፋርማሲ መስኮት ላይ ይጠይቀኛል።

ቀዶ ሕክምናው የሚያወጣው በዓይንና በምርመራ የታየውን እጢ ነው። ከእጢው ተለይተው ሌላ ቦታ የተቀመጡ፣ በየትኛውም ምርመራ የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ። ታሞክሲፌን የሚታዘዝለት ዓይነት ካንሰር ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ተቀብሎ ነው የሚያድገው። ሕዋሱ ላይ ሆርሞኑ የሚያርፍበት ተቀባይ አለ። ታሞክሲፌን ቀድሞ ሄዶ እዚያ ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ታክሲ ውስጥ ወንበሩ ከተያዘ በኋላ የመጣ ሰው መግባት እንደማይችለው ማለት ነው። ኢስትሮጅኑ ደም ውስጥ አለ፣ ግን ካንሰሩን አያገኘውም። ይሄ የሚሠራው ክኒኑ በየቀኑ ሰውነት ውስጥ ሲኖር ነው። ለ5 ዓመት የታዘዘውም ለዚህ ነው።

ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ ሆርሞን ተቀባይ ያለው የጡት ካንሰር ኖሮባቸው ታሞክሲፌንን ለ5 ዓመት ያህል የወሰዱ ሴቶች ላይ፣ በሚወስዱበት ጊዜ የካንሰሩ መመለስ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድል በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ልብ ይበሉ፣ ክኒኑ የተወሰደው 5 ዓመት ነው፣ ጥበቃው ግን ካቆሙም በኋላ ዓመታት ቀጥሏል። ለአንዳንዱ ታካሚ ሐኪም እስከ 10 ዓመት ያራዝመዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ተቀባዩ ላለው ካንሰር ነው። በፓቶሎጂ ወረቀት (የእጢው የላብራቶሪ ምርመራ ውጤት) ላይ ኢ አር (የኢስትሮጅን ተቀባይ) እና ፒ አር (ፕሮጄስትሮን የሚባለው የሌላው የሴት ሆርሞን ተቀባይ) ተብሎ፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ተጽፎ ይወጣል። በጥቁር አንበሳ በ352 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 65 በመቶ የሚሆኑት ኢ አር ፖዘቲቭ ነበሩ። ስለዚህ በአገራችን ይሄ ክኒን የሚጠቅማቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ወረቀትዎን አውጥተው ይዩት።

ወደ ማህፀኑ ልምጣ። ጎረቤትዎ ያነበቡት ነገር ውሸት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። በአንድ ትልቅ ጥናት ከ1000 ሴቶች መካከል ታሞክሲፌን የሚወስዱት ላይ በዓመት 2 ገደማ የማህፀን ካንሰር ታይቷል፤ በማይወስዱት ላይ 1 ገደማ። ጭማሪውም የታየው በዋናነት 50 ዓመት በሆናቸውና ከዚያ በላይ ባሉት ሴቶች ላይ ነው። በእርስዎ ዕድሜ የወር አበባ መዛባት የተለመደ ነው። ሆኖም ከወትሮው የበዛ ደም ከመጣ፣ በወር አበባ መካከል ከታየ፣ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ጠብታም ቢሆን ከመጣ በጊዜ መታየት ያስፈልጋል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበት ደግሞ የአንድ እግር ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ወይም አንድ ጎን ሲዝልና ንግግር ሲያዝ ነው። ታሞክሲፌን ደም የመርጋት ዕድልን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለንዴቱ የተሰጠዎት ክኒን ስሙ ምንድን ነው? ዛሬውኑ አይተው ይጻፉልኝ።

የጠባሴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት፣ ማሸጊያው ላይ ፍሎክሲቲን 20 ሚሊ ግራም ይላል። ታሞክሲፌን እንደምወስድ ነግሬያቸው ነበር።

ፋርማሲስቱ፦
የጠረጠርኩት ነው። ታሞክሲፌን ራሱ ብዙ አይሠራም። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሲለውጠው ነው ጠንካራው መድኃኒት የሚገኘው። ፍሎክሲቲንና ፓሮክሲቲን ያንን ኢንዛይም አጥብቀው ይይዙታል። ስለዚህ አብረው ባይወሰዱ ይመረጣል። ቬንላፋክሲን የሚባል ሌላ አማራጭ አለ፤ ኢንዛይሙን ያን ያህል አይነካም፣ ደግሞም የሚያስቸግርዎትን ሙቀትና ላብ ይቀንሳል። ጋባፔንቲንም ለሌሊቱ ላብ ይታዘዛል።

ፍሎክሲቲኑን ግን በራስዎ አያቁሙት። ታሞክሲፌኑንም አያቁሙ። ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ የካንሰር ሐኪምዎ ያሉበት ክፍል ይደውሉና ሁለቱንም ስም ይንገሯቸው። ሁለቱንም ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

የመሐል ሜዳው፦
እኔ ወንድ ነኝ፣ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። መሐል ሜዳ ነው የምንኖረው። እሷ ክኒኑን ስትጀምር እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ጠፋ። ብንጠይቅ ብንጠይቅ የለም። አንድ መድኃኒት የሚሸጥበት ቤት የነበረ ሰው «ይሄ የካንሰር መድኃኒት ነው፣ አንቺ ድነሻል፣ በቃሽ» አላት። እሷም ደስ አላት። ደስ ይላታላ! ማን ነው ድነሻል ሲባል የማይደሰት? ሳምንታት አለፉ። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝና ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ሐኪሟ በጣም አዘነ። ያንኑ ቀን አዲስ አበባ ካለ ዘመድ አስገዝተን በመኪና አስላክን።

እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የማያውቀውን ነገር «አላውቅም፣ ሐኪም ጠይቁ» ማለት ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙን የብዙ ወር ማዘዣ እናስጽፈዋለን። የመጨረሻው እሽግ ሲከፈት እኔ ቀጣዩን ፍለጋ እጀምራለሁ። ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ማዘዣውን እሰጠዋለሁ። ከመሄዱ በፊት ፋርማሲው ጋ ደውዬ መኖሩን አረጋግጣለሁ። ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ሲኖረን ረጅም መንገድ ነው፤ መኪናው ለምሳ ሲቆም እሷን ይዤ እንዞራለን፣ እግሯ እንዲንቀሳቀስ።

ሌላም ነገር አለ፣ ባሎች ስሙኝ። ይሄ ክኒን በባልና ሚስት መካከል ያለውንም ነገር ይነካል። ሴቷ ድርቀትና ሕመም ይሰማታል፣ ፍላጎቷም ይቀንሳል። ባለቤቴ ሐኪም ፊት አፈረች፤ እኔ ጠየቅኩላት። ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ እንዳለ ነገሩን። ሆርሞን ያለው ክሬም ግን ካንሰር ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳትጠቀም አስጠንቅቀውናል። ጠላችኝ ብላችሁ አትቀየሙ። መድኃኒቱ ነው።

ዲያቆን ዘመንዝ፦
እኅታችን፣ በምሕረቱ ይጎብኝሽ። እኔ የምጽፈው ሌላ ማንም ስላላነሳው ነው። በእኛ አካባቢ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ፀበል ብዙ ሕሙማን ይመጣሉ። ሱባኤ ሲይዙ መድኃኒታቸውን ቤት ትተው የሚመጡ አሉ። «መድኃኒት እየወሰድኩ ብጠመቅ እምነቴ ጎዶሎ ነው» ይላሉ። ይሄ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ለኤችአይቪ ሕሙማን ይሄው ጥያቄ በተነሳ ጊዜ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በግልጽ ተናግረዋል። ለካንሰርም ያው ነው። ተጠመቁ፣ ጠጡ፣ ጸልዩ፣ ክኒናችሁንም ዋጡ። ሱባኤ የምትገቡ ሰዎች የሚበቃችሁን ያህል ቆጥራችሁ ያዙ።

ስለ ጾም የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት።

ፋርማሲስቱ፦
ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ታሞክሲፌን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ስለዚህ የሚጾም ሰው ጾሙን ሲፈታ ማታ መውሰድ ይችላል። ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ከተረሳ በዚያው ቀን ሲታወስ ይወሰዳል። በማግስቱ ሁለት አድርጎ መዋጥ የለም።

የጣርማ በሯ፦
እኔ ታሞክሲፌንን አቁሜያለሁ፤ ግን ያቆመልኝ ሐኪም ነው። 58 ዓመቴ ነው፣ ደብረ ሲና ነኝ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በማግስቱ የግራ ባቴ አበጠ፣ ቀላ፣ ስነካው ትኩስ ነበር። ልጆቼ ውልቃት ነው ብለው ወጌሻ ሊወስዱኝ ነበር። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ አይታኝ «እንዳታሹት!» ብላ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ። በአልትራሳውንድ የረጋ ደም ተገኘ።

ለእኔ የወር አበባ ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ወደ ሌትሮዞል 2.5 ሚሊ ግራም አዞሩኝ። ይሄኛው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው አሉኝ፤ ሰውነት ኢስትሮጅን እንዳይሠራ ያደርጋል። አናስትሮዞልም ኤክሴሜስታንም የዚሁ ወገን ናቸው።

ደም አላረጋብኝም፤ መገጣጠሚያዬን ግን ያዘኝ። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም። የምጣዱን አክንባሎ ማንሳት አቅቶኝ ልጄን እጠራለሁ። በሞቀ ውሃ እጄን ነክሬ፣ ጣቶቼን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ትንሽ ስቆይ ይላቀቃል። ሐኪሙ በእግር መሄድን አዘዘልኝ፤ መጀመሪያ የማይመስል ነገር ነበር፣ አሁን ግን ከገበያ መንገድ በእግሬ የምመለስበት ቀን ሁልጊዜ ይሻለኛል። አጥንት ስለሚያሳሳ የአጥንት ምርመራ አዘዙልኝ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም እወስዳለሁ።

የጠባሴዋ፣ ላቁም ማለትሽ አይገርመኝም። ግን አንዱ ባይስማማ ሌላ እንዳለ እወቂ። ያንን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ስትነግሪው ነው።

ሐኪም ከአዲስ አበባ፦
ቀዶ ሐኪም ነኝ፣ ትውልዴ አንኮበር ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

እትዬ የጣርማ በሯ የጻፉት ትክክል ነው፤ ግን የወር አበባ የምታይ ሴት ሌትሮዞልን ብቻውን መውሰድ የለባትም። እንቁላል ዕጢው ገና ኢስትሮጅን እየሠራ ነውና መድኃኒቱ አይበግረውም፤ እንዲያውም ይቀሰቅሰዋል። መጀመሪያ እንቁላል ዕጢውን ማስተኛት ያስፈልጋል፤ ጎሴሬሊን በሚባል በየ28 ቀኑ በሚወጋ መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና በማውጣት። ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ቢትሰን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም የእንቁላል ዕጢ ሲወጣ የተሰራጨ የጡት ካንሰር ሊቀንስ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ኢስትሮጅን የሚባለው ነገር ገና ተለይቶ ባልታወቀበት ዘመን! ስለዚህ ከጎረቤት ክኒን አትዋዋሱ። ለእሷ የታዘዘው ለአንቺ ላይሠራ ይችላል።

ሁለተኛው የእህትየው ጥያቄ ነው። አዎ፣ ለጤነኛ ሴት ይሰጣል፤ ግን ለማንኛዋም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ13,000 በላይ ለጡት ካንሰር የተጋለጡ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታሞክሲፌን የጡት ካንሰር መከሰትን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። በዚያ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 ለመከላከያነት ተፈቀደ። የቀነሰው ግን ሆርሞን ተቀባይ ያለውን ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌላውን አልነካውም። የወር አበባ ላቆሙ ሴቶች ራሎክሲፌን፣ ኤክሴሜስታንና አናስትሮዞልም በጥናት ተፈትነው ጠቅመዋል። በባዮፕሲ (ናሙና ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ) ገና ካንሰር ያልሆነ ግን ያልተለመደ የሕዋስ ለውጥ ለተገኘባቸው ሴቶች ደግሞ ታሞክሲፌንን በቀን 5 ሚሊ ግራም ለ3 ዓመት ብቻ መስጠት እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጣሊያን የታተመ ጥናት አሳይቷል።

የታመመ ሰው መመለሱን ለመከላከል ሲል የጎንዮሽ ጉዳቱን ይችላል። ጤነኛ ሰው ግን ላይመጣ ለሚችል በሽታ ነው ደም መርጋትንና ላብን የሚቀበለው። ሚዛኑ ሌላ ነው። እህትሽ ለምርመራ ትምጣ። በቤተሰቡ ስንት ሰው፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ፣ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ፣ ጡቱን የታመመ ወንድ ካለም ይጠየቃል። በአባት በኩል ያለውንም አትርሱ፤ ሰው ሁሉ የእናቱን ወገን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ጡቷን በእጅ የሚመረምር ባለሙያ ይያት፣ እንደ አስፈላጊነቱ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ይነሳላት። ከአንቺ ሣጥን አውጥታ እንዳትውጥ ግን አደራ።

የአጣዬ ልጅ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጨዋታ መሐል ገባሁ። 31 ዓመቴ ነው፣ ታሞክሲፌን ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። ልጅ የለኝም። የወር አበባዬ ስለጠፋ አላረግዝም ብዬ ነበር፣ ጤና ጣቢያ ስሄድ ደግሞ ለማንኛውም ብለው ዴፖ ሊወጉኝ ነው። ልወጋ? ልጅ መውለድስ ቀረልኝ ማለት ነው? ይሄን ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም።

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ እንኳን ገባሽ። ዴፖው ይቆይ። ዴፖም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ የወሊድ መከላከያ ክኒኑም ሆርሞን ናቸው፤ የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት አይመከሩም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የጡት ካንሰር ታካሚ መሆንሽን መጀመሪያ ተናገሪ። ላንቺ የሚሆነው ሆርሞን የሌለው ነው፤ ኮንዶም ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ።

የወር አበባ መጥፋቱ ደግሞ ዋስትና አይደለም። ታሞክሲፌን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሠራ እርግዝናን ለመከላከል ታስቦ ነበር። ሴቶች ላይ ሲሞከር ግን እንቁላል እንዲወጣ የሚያነሳሳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እየወሰድሽው ማርገዝ ትችያለሽ፣ ጽንሱን ደግሞ ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪም ከአዲስ አበባ፦
ልጅ መውለድ አልቀረብሽም። ይሄን ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በወጣ ጥናት፣ ከ18 እስከ 30 ወር የሆርሞን ሕክምና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ለመውለድ ብለው እስከ 2 ዓመት አቋርጠው ነበር። ብዙዎቹ ወለዱ። ጥናቱ በተከታተላቸው ጊዜ ውስጥ ካንሰሩ ካላቋረጡት በበለጠ አልተመለሰባቸውም። የረጅም ጊዜ ክትትሉ ቀጥሏል። ሁሉም ሴት ግን አንድ አይደለችም፤ የበሽታው ደረጃ ይታያል። ካቆምሽም በኋላ መድኃኒቱ ከሰውነትሽ እስኪወጣ ወራት መጠበቅ አለ፣ ከወለድሽ በኋላም ወደ ክኒኑ መመለስ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «መውለድ እፈልጋለሁ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ካልተናገርሽ ሐኪሙ ላይጠይቅሽ ይችላል።

የአጣዬ ልጅ፦
አልቅሼ ጨረስኩ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የሮቢት እናት፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ስትወልጂ እዚሁ ንገሪን፣ እንቁጣጣሽ ያለ ቀኑ እናደርገዋለን።

የይፋቱ፦
ተልባ ሆርሞን አለው ይባላል፣ ባለቤቴ በጾም ያለ ተልባ አትኖርም። ትተወው?

ሐኪም ከአዲስ አበባ፦
በምግብ መጠን የሚበላ ተልባ ጉዳት እንዳለው አልታየም፤ ጾሟን በተልባዋ ትጹም። እኔን የሚያሳስበኝ በጠርሙስና በፌስታል የሚሸጠው፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀው «የካንሰር መድኃኒት» ነው። እሱን ካሁኑ ትተወው።

የጠባሴዋ፦
ተመልሼ መጥቻለሁ። ፋርማሲስቱ ካሉኝ በኋላ ደወልኩ፣ ቀጠሮዬን አቀረቡልኝ። ሁለቱንም ማሸጊያ ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ፍሎክሲቲኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቀስ በቀስ እንድቀንሰው አድርጎ በቬንላፋክሲን ተካልኝ። የፓቶሎጂ ወረቀቴን አብረን አየን፤ ኢ አር ፖዘቲቭ ነኝ። ማህፀኔንም በአልትራሳውንድ አዩት፣ ደህና ነው።

ላቡ አልጠፋም፣ ቀንሷል። የምነቃው አንዴ ነው፣ ተመልሼም እተኛለሁ። የሮቢት እናት ያለችኝን አደረግኩ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ለልጄ ሰጥቼ ሁለት ነጠላና አንድ ስስ ጋቢ እደርባለሁ። ተማሪዎቼ ላይ መጮህ ትቻለሁ ማለት ይቻላል። ክኒኑን አላቆምኩም፣ አላቆምምም።

ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ቡና አፍልቼ ነገርኳቸው። ያቺ ከስልኳ ያነበበችልኝ ጎረቤቴ «ታዲያ እኔ ምን አውቄ» ብላ አዘነች። በማግስቱ ግን ከክንዷ ሥር ያለ እብጠት አሳየችኝ። ለማንም አልተናገረችም ነበር። አብሬያት ሄጄ ተመርምራለች፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ጸልዩላት።

እህቴም ታይታለች። የአባታችንን ወገን ሲጠይቋት አንዲት አክስታችን በጡት በሽታ እንደሞተች ያኔ ነው ያስታወስነው። አልትራሳውንዷ ጥሩ ነው። ለጊዜው ክኒኑን እንዳትጀምር፣ በየጊዜው ግን እየመጣች እንድትታይ ተነገራት።

የመሐል ሜዳው፦
እሰይ! ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፋርማሲስቱ፣ አንድ ጥያቄ ላስቸግርዎት። ዛሬ የመጣልን ታሞክሲፌን ማሸጊያው ሌላ ነው፣ የክኒኑም መልክ ትንሽ ይለያል። 10 ሚሊ ግራም ይላል። እሷ መድኃኒቱ ተቀየረብኝ ብላ አልወስድም አለች።

ፋርማሲስቱ፦
ትክክል አደረገች፣ ከመውሰድ በፊት መጠየቁ ይሻላል። አምራቹ ቢለያይም ማሸጊያው ላይ ታሞክሲፌን የሚል ከሆነ መድኃኒቱ ያው ነው። የእርሷ ትእዛዝ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከሆነና ይሄኛው ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ ትወስዳለች። አንድ ብቻ ከወሰደች ግማሹን ነው የወሰደችው። ሲያልቅ ቶሎ እንደሚያልቅም አይርሱ፤ የ20ው 30 ፍሬ ወር ያደርሳል፣ የ10ሩ 30 ፍሬ 15 ቀን ብቻ ነው። ማዘዣውን በፎቶ በውስጥ መስመር ይላኩልኝና ቁጥሩን አብረን እናስተያየው፤ የዛሬውን ከመኝታ በፊት ትውሰድ።